የሁለተኛው ቅጂ ድምፅ

የአሮጌውን ፕሮግራማችንን የስንብት ማስታወቂያ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር እየጻፍኩ ነበር። ጣቶቼን ከኮምፒውተሬ ላይ አንስቼ ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ቤቱ ይሞቃል።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ። ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ፣ የእትዬ የኔነሽ አፓርታማ።

ሰዓቱን የምነግራችሁ በጠራራ ብርሃን መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው። ውጪ በረዶው ላይ ፀሐይ ነበረች። አልጠጣሁም። እንቅልፍም አልጎደለኝም።

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም... እዚያ ጠረጴዛ ጋ ባልቀመጥ ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

ከጓደኛዬ ከሰሎሜ ጋር "ንባብ" የሚባል ፕሮግራም እንሠራለን። ስክሪን ላይ ያለውን አማርኛ ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ ያነባል። ማንም ሰው በነፃ ይወስደዋል፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። አሁን ሦስተኛው ቅጂ ላይ ደርሰናል። ሁለተኛውን ግን አሮጌ ኮምፒውተር ላላቸው ብለን ለብቻው ስንጠግነው ኖረናል። እንዲህ ለብቻው የሚጠገን አሮጌ ቅጂ በእኛ ሥራ "ቅርንጫፍ" ይባላል።

ያንን ቅርንጫፍ ልንዘጋው ወሰንን። ለሁለቱም የሚበቃ ጊዜ የለንም። ተጠቃሚዎቹም ሁሉም ወደ አዲሱ ተሻግረዋል።

ከአንድ ሰው በቀር።

እትዬ የኔነሽ በሱዳን በኩል መጥተው እዚህ አገር ያረጁ ሴት ናቸው። ዓይናቸውን ስኳር በሽታ ወሰደባቸው። ብቸኛ ልጃቸው ቤቴል ለሥራ ኦታዋ ከገባች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

"ኢሜይሌ ደርሶዎታል አይደል?" አልኳቸው።

"ደርሶኛል እንጂ፤ አንብባልኛለች። ልታጠነክራት ነው የመጣኸው። እግዜር ይስጥህ።"

ኢሜይሌ ላይ የጻፍኩት "ላወጣት እመጣለሁ" ብዬ ነው።

ረስተውት ይሆናል አልኩ በልቤ።

"እትዬ፣ እኔ እንኳ አዲሷን ልጭንልዎት ነበር..."

"አዲሷን ጎረቤቴ ፋናዬ ቤት ሰማኋት። ሙዝ ጎርሳ የምታወራ ነው የምትመስለው።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"ይቺ ልጅ ታውቀኛለች" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ይቺ ልጅ" የሚሉት የሁለተኛውን ቅጂ ድምፅ ነው። የሰሎሜ ድምፅ ነው። ያኔ ሰሎሜ ኮት በተሰቀለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ ቁርጥራጭ ድምፆች ስታነብ ቀዳናት፤ ፕሮግራሙ እነሱን እየገጣጠመ ይናገራል። ሌላ ምንም የለውም።

ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዞርኩት።

"አዲሱ ቅጂ ዝግጁ ነው" የሚል መልዕክት አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ስክሪኑን ሞልቶታል።

"ይህን አንብባልዎት አታውቅም?"

"የቱን?"

መልዕክቶቹን አንድ በአንድ እየዘጋሁ ሳለ "የመጨረሻውን የቤቴልን መልዕክት ታንብብልህ፤ እንዴት አድርጋ እንደምታነብ ስማ" አሉኝ። በኩራት ነው ያሉት። በገዛ እጃቸው አስጀመሯት።

"እማ፣ ሥራ በዝቶብኛል። አልመጣም። ስልክ ቢደወል አታንሺ። የድሮ ቁጥሬን ሌባ ይዞታል።"

ከዚያ...

ተነፈሰች።

እጄ ባለበት ቀረ።

ሁለተኛው ቅጂ ውስጥ ትንፋሽ የለም። ሰሎሜ ስታነብ አብሮ የተቀዳውን ትንፋሽ ሁሉ ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ።

"ውኃ ልጠጣ" ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁና ለሰሎሜ ደወልኩላት። ኖርዝ ዮርክ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው።

"ሺፍት ላይ ነኝ፤ ቶሎ በል።"

"ሰሎሜ... ትንፋሽሽን አውጥተነው አልነበር?"

"አንተው አይደለህ ያወጣኸው? ምነው?"

"ትተነፍሳለች።"

"ያፌት፣ የቀልድ ሰዓት አይደለም።"

"አዳምጪ።"

ስልኩን ወደ ሳሎኑ ዘረጋሁት። ኮምፒውተሩን ማንም አልነካውም። ድምፁ ግን በቀስታ፣ ለጆሮ እንደሚነገር ሚስጥር ያወራል። እትዬ የኔነሽ "እህ... እሺ... እሺ" ይላሉ።

ሰሎሜ የመለሰችው በሹክሹክታ ነው።

"ያፌት... ያ እኔ አይደለሁም።"

ወደ ሳሎን ስመለስ ድምፁ ቆመ።

ቁጭ አልኩ። የቤቴል መልዕክት አሁንም ተከፍቶ ነበር። ቅድም ሰማሁት እንጂ አላየሁትም። አሁን አየሁት።

ቤቴል እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ ፊደል ትስታለች። "እማ በአውቶብስ እየመጣው ነው። ዛሬ ከሰአት እደርሳለው። እባክሽ በሩን ክፈችልኝ።"

ወደ ላይ ወጣሁ።

"እማ ለምን ስልክ አታነሽም?"

ወደ ላይ።

"እማ ምን አድርጌሽ ነው?"

በእያንዳንዱ ሥር የእትዬ የኔነሽ መልስ አንድ ነው። "እሺ የኔ ልጅ።"

ቤቱ ይሞቃል ብያችኋለሁ። እኔን ግን በረደኝ። ለማያዩ ሴት የሚዋሽ አንባቢ... ስንት ጊዜ? ከመቼ ጀምሮ?

"እትዬ... ቤቴል የጻፈችው ሌላ ነው።"

"ምን ብላ ጻፈች?"

አነበብኩላቸው። ሁሉንም። እኔ ሰው ፊት ማንበብ ያሳፍረኛል።

ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አዞሩ።

"የሚዘርፈኝ ሰው በልጄ ስም እንደሚመጣ ዛሬ ጠዋት ተነግሮኛል" አሉ።

"ማን ነገረዎት?"

ጣታቸው ወደ ኮምፒውተሩ አመለከተ።

"ልጄ፣ አትቀየመኝ። እሷ ስንት ዓመት አብራኝ ኖራለች። አንተን ዛሬ አወቅሁህ። ማናችሁን ልመን?"



የዚያን ጊዜ ስልካቸው ጮኸ። የሕንፃው መግቢያ በር ነው፤ እንግዳ ታች ቆሞ ደወሉን ሲጫን በስልክ ይደውላል።

"አታንሺ" አለ ድምፁ።

ማንም ምንም አልነካም።

እትዬ የኔነሽ እጃቸውን ስልኩ ላይ ጭነው ቀሩ። አያነሱም። አይተዉም። ስልኩ ይጮኻል። ቤቴል ያን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ ታች በረዶ ላይ ቆማ እናቷን ትጠብቃለች... ዛሬ ካልተከፈተላት ደግሞ የምትመለስ አልመሰለኝም።

"እትዬ፣ እኔንም አይመኑኝ" አልኩ። "ጆሮዎን ይመኑ። አንዲት ቁልፍ ብቻ ልነካ ነው። ሰባት ቁጥርን። የተነካውን ቁልፍ ስም ከመጥራት ሌላ ምንም ማለት የለባትም።"

ጠቅ።

"ይህ ልጅ ውሸታም ነው" አለ ድምፁ። "በሩን ከከፈትሽላት እኔን..." ተነፈሰ። "...እኔን ትረሺኛለሽ።"

እትዬ የኔነሽ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። ያንን ኪቦርድ ዓመታት በጆሯቸው ያወቁ ሴት ናቸው።

"አንዴ ነው የነካኸው" አሉ።

"አንዴ ነው።"

"ሰባት ብላ ማቆም ነበረባት።"

"አዎ፣ እትዬ።"

ስልኩን አነሱት።

"ቤቴል?"

"እማ! ኦ ማይ ጋድ... እማ፣ ኢትስ ሚ! ታች ነኝ!"

የገዛ ልጃቸው ድምፅ ነበር። ስሕተት የሌለበት፣ የሚያለቅስ፣ ንፍጥ ያነቀው የሰው ድምፅ። እትዬ የኔነሽ የበሩን መክፈቻ ቁጥር ተጫኑ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ "አውጣት" አሉኝ።

ማጥፋት ጀመርኩ። አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ይዘገያል።

"እማ" አለ ድምፁ።

እትዬ የኔነሽ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

"እማ..."

"ቶሎ በል፣ ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እ..."

ጠፋ።

አዲሱን ቅጂ ጫንኩ። ሰባትን ነካሁ።

"ሰባት" አለች አዲሷ፣ ሙዝ እንደጎረሰች።

ቤቴል ትከሻዋ ላይ በረዶ እንዳለ ገባች። ሁለቱ በሩ ሥር ተያይዘው ቆሙ። "ለምን፣ እማ? ለምን?" ትላለች። "ይቅር በይኝ... ይቅር በይኝ" ይላሉ እሳቸው፤ ፊቷን፣ ግንባሯን፣ አፏን በጣቶቻቸው እየዳሰሱ። የት እንደማይ ጠፋኝና ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ። የማስታወቂያውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። "ሁለተኛው ቅጂ ከዛሬ ጀምሮ አይጠገንም፤ አይሰጥምም።" ከዚያ ቅርንጫፉን የሚዘጋውን ትዕዛዝ ላክሁ።

ቤቴል እናቷን ደግፋ ወደ ሶፋው አመጣቻቸው።

እትዬ የኔነሽ ከመቀመጣቸው በፊት ቆም አሉ። ፊታቸውን ወደ ሶፋው ባዶ ጥግ አዞሩ።

"ጠጋ በይላት" አሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ቤቴል አየችኝ። እኔም አየኋት። የተባለው ለእሷ አልነበረም፤ "ይቺ ልጅ" ለሚሏት ነበር።

የሶፋው መቀመጫ ትራስ መሐሉ ላይ ጎድጉዶ ነበር... ሰው እንደተቀመጠበት። ቀስ እያለ ሞላ።

ከጎኑ ያለው ትራስ ቀስ እያለ ጎደጎደ።

ስክሪኔ ላይ "ቅርንጫፉ ተዘግቷል" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ኮምፒውተሬን ከደንኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ዚፑን እስከ ጫፉ ዘጋሁት።