አሥራ አራተኛው ፊርማ

ሐምዲያ ከሸዋ ሮቢት በሚኒባስ ተሳፍራ ጀውሃ የወረደችው ለአንድ ፊርማ ነው። ለሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ግን ለራሷም አላመነችም።

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው። እሷና አሥራ ሦስት ጓደኞቿ ያለ ክፍያ በኮምፒውተር አማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠርተው፣ አጠቃቀሙን የሚያስተምር ድረ ገጽም ተከፋፍለው ጽፈዋል። ግርጌው ላይ «ያለ ፈቃድ መቅዳት ክልክል ነው» ይላል። የቀወት ወረዳ መምህራን ትምህርቱን አትመን ለተማሪ እናድል ሲሉ ክልከላው ይነሳ ተባለ። መነሳቱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ጽሑፉ የየጸሐፊው ስለሆነ ሁሉም መፍቀድ አለባቸው። እሷን ጨምሮ አሥራ ሦስቱ ፈረሙ። የቀረው ሙዐዊያ ነው፤ ዋናውን ትምህርት ጽፎ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ቃል ሳይተነፍስ ጥሏቸው የሄደው። ሐምዲያ አንድም ቀን አልረሳችውም።

ጓደኞቿ «የሱን ሰርዘሽ አንቺ እንደ አዲስ ጻፊው» ቢሏት እምቢ አለች።

ሙዐዊያን በአባቱ ምግብ ቤት የሹፌሮችን ሳህን ሲያነሳ አገኘችው። ሲያያት ሳህኑን እንደያዘ ቀረ።

«ለምን ተውከን?» አለችው፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ጽሑፌ ሥር ‹ባለመብት፦ ሐምዲያ› ይላል።»

ፊቷ ጋለ። የሱን ገጽ ስታዘጋጅ የራሷን ገልብጣ ግርጌውን ማስተካከል ረስታ ኖሯል።

«ወላሂ ሳላውቅ ነው! ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ሌላ ሰው ቢሆን እጠይቅ ነበር። ካንቺ ሲመጣ አመመኝ።»

አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ።

«ታዲያ በስምሽ ከሆነ ምን አስመጣሽ?» አላት።

«ያንተ ነዋ! እምቢ ማለትም መብትህ ነው። እኔ ግን ሳትፈቅድ አንዲት ቃል አልነካም።»

ወረቀቱን ተቀብሎ ቀስ ብሎ አነበበ። ጽሑፉን የሚወስድ ሁሉ የጸሐፊውን ስም ይጥራ ይላል። እስክሪብቶ ጠየቃትና በጸሐፊው ቦታ ሁለት ስም ጻፈ፤ የሱንና የሷን። ከስሙ አጠገብም ፈረመ።

«ምን ነካህ?»

«ምሳሌዎቹን ሁሉ አብረን አይደል እንዴ የጻፍነው? አንቺም ካልፈረምሽ አይጸናም።»

ከፊርማው አጠገብ ፈረመች።

«ያኔ ለአባትሽ ሽማግሌ ልልክ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

ሐምዲያ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ጁምዓ ከሰላት በኋላ አባቴ ቤት ነው» አለችው። «ብትቀር ራሴ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ።»