ለኤርሳዶ የተደወለው ስልክ

ስልኩ ሲጮኽ ትግስት ደብተሯን ወርውራ ተነሳች። ዛሬስ አትሸወድም!

ትላንት በዚሁ ሰዓት ጓደኛዋ ሶሬቲ ከአባቷ ሱቅ ደውላ፣ ድምጿን አቅጥና፣ «ከመሥሪያ ቤት ነው፤ ኤርሳዶን ጥሪልኝ» ብላት ነበር። ትግስት እውነት መስሏት አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ጎረቤቷን ተጣራች። ኤርሳዶ ፊቱ ላይ ሳሙና እንደተለቀለቀ እየሮጠ መጣ። «ሄሎ! ሄሎ!» ቢል ስልኩ ተዘግቷል። ሶሬቲ ዛሬ ክፍል ውስጥ ስትስቅባት ነው የዋለችው።

«ሄሎ!» አለች ትግስት፣ ድምጿን እንደ ወንድ አጎርንና።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ከመሥሪያ ቤት ነው የምደውለው። ጓድ ኤርሳዶ ላጲሶን ፈልጌ ነበር» አለ ቀጭን የሴት ድምፅ።

ይቺ ልጅ አታፍርም እንዴ?

«አብዮት ጥበቃ ነን! ኤርሳዶ ታስሯል!»

«ውይ! ምን አድርጎ?»

«ጠያቂዎቹ እኛ ነን! አንቺስ ምኑ ነሽ?»

«ኧረ እኔ አላውቀውም!» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «ጸሐፊ ነኝ ጌታዬ... የመኪና ጽሕፈት ፈተናውን ስላለፈ ነገ ጠዋት ሥራ እንዲጀምር ልነግረው ነበር እንጂ... በቃ፣ ለተጠባባቂው እንደውላለን። ይቅርታ፣ ጓድ!»

ስልኩ ተዘጋ። ትግስት በሳቅ ፈረሰች። ሶሬቲ ቲያትር ብትገባ ያዋጣታል እያለች ገና ሳቋን ሳትጨርስ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«አንቺ፣ ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትቀጂው?» አለች ሶሬቲ። «ስደውል ስደውል መስመሩ ተይዟል!»

«ቅድም... አንቺ አይደለሽም?»

«የቱ ቅድም? አሁን ገና ነው ያገኘሁሽ።»

ትግስት ክው አለች። ሶፋው ላይ ዘጭ አለች።

በዚያ የቦሌ መንደር ስልክ ያለው እነሱ ቤት ብቻ ነው። ሥራ የሚፈልግ ጎረቤት ሁሉ ማመልከቻው ላይ የእነሱን ቁጥር ነው የሚጽፈው። ስለዚህ እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ የቤቱን ሕግ አስጠንታታለች፦ ስታነሺ የማን ቤት እንደሆነ ተናገሪ፤ ማን እንደደወለ ጠይቂ፤ ሰውየውን ጥሪ፤ ከሌለ መልእክቱን ደግመሽ አስነግረሽ ያዢ። ቀልድ የሚባል ነገር በዚህ ሕግ ውስጥ የለም።

ኤርሳዶ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ከተቀመጠ ቆይቷል። ቀበሌው ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና እየመለመለ ነው፤ አብሮ አደጉ ካሳዬ ባለፈው ወር ተጭኖ ሄዷል። ይህ ሥራ ከእጁ ካመለጠ ቀጣዩ ተረኛ እሱ ነው።

ትግስት ሁሉንም ለሶሬቲ ነገረቻት። አውሮፕላን ጣሪያውን እያንቀጠቀጠ አለፈ።

«ማንም አልሰማሽም» አለች ሶሬቲ በሹክሹክታ። «አትናገሪ። እንደዚህ ያለው ቀልድ አሁን ያስበላል፣ ትግስት። ስልክ አልመጣም በያ!»

ትግስት ስልኩን ዘግታ ወደ ግቢ ወጣች። ኤርሳዶ ከሳሳው አጥር ማዶ ሸሚዙን እያሰጣ ነበር።

«ስልክ የጮኸ መሰለኝ» አለ ፈገግ ብሎ። «ለእኔ ይሆን?»

የተሳሳተ መስመር ነው ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን አልወጣ አለ።

«ላንተ ነበር። ፈተናውን አልፈሃል። እኔ ግን... ሶሬቲ መስላኝ፣ አብዮት ጥበቃ ነን፣ ታስሯል አልኳት። ለተጠባባቂው ልትደውል ነው።»

ኤርሳዶ እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዘ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቢሰድባት በተሻላት።

«አሁን ብሄድስ ማን ያምነኛል?» አለ። «አምልጦ መጣ ነው የሚሉኝ።»

«አብሬህ እመጣለሁ። እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።»

«አብደሻል? በአብዮት ጥበቃ ስም ቀለድኩ ልትያቸው? ልጅ ናት ብለው የሚምሩሽ መሰለሽ?»

መፍራቱንስ ትግስት በጣም ፈርታለች። በዚህ መሃል የውጭው በር ተከፈተና ወይዘሮ ዘርፌ ከቀበሌ ሱቅ የወሰደችውን ስኳር ታቅፋ ገባች። ልጇንም ኤርሳዶንም አይታ ባለችበት ቆመች።

«ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ እንዴ?»

ትግስት ስኳሩን ከእጇ ተቀበለቻት።

«እማዬ፣ ነጠላሽን አታውልቂ» አለች። «ቢሮ ሳይዘጋ ሦስታችንም መድረስ አለብን። ያጠፋሁትን መንገድ ላይ እነግርሻለሁ።»