አንድ ጊዜ ብቻ የተጠራ ስም

መጀመሪያ የተሰማው ጥሩምባ ነበር።

በዚያ የሐምሌ ጠዋት፣ በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ክረምት፣ ጉሙ ጭላሎን ከነግርጌው ውጦ አሰላ ላይ ተኝቶ ስለ ነበር ጥሩምባው በየት በኩል እንደሚነፋ ለመለየት ያስቸግር ነበር። የፖሊስ መቶ አለቃ ወልደጻድቅ በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊቱን ሳሙና ቀብቶ ከመስታወቱ ፊት ቆሟል። ይህን ጥሩምባ ዘንድሮ ለምዶታል። ማዘጋጃ ቤቱ ባለቤቱ የተወውን አሮጌ ቤት ሊያፈርስ ሲል መጀመሪያ ያስነፋል። ቀጥሎ ለፋፊው የባለቤቱን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ በየጥሪው መካከልም ጆሮ ይሰጣል። ከውስጥ «አቤት!» የሚል ከተገኘ ገመዱ ይፈታል፣ የቀን ሠራተኛውም ይበተናል። ሰው ያለበት ቤት አይፈርስምና።

ዛሬ ግን መቶ አለቃው ምላጩን ከጆሮው ሥር ሳያሳርፍ መሬት ጓ ብላ ተንቀጠቀጠች።

«ምነው ቸኮሉ?» አለ ለመስታወቱ።

ያን ጊዜ ነው የሴት ጩኸት የተሰማው። ብዙም ሳይቆይ የማዘጋጃ ቤቱ ለፋፊ ጉቱ፣ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር እንደ ወሸቀ፣ በሩን በክርኑ ደበደበ።

«ጌታዬ! መቶ አለቃ! ሰው ነበረበት! ወላሂ ሰው ነበረበት!»

የሟቹ የአቶ ቱሳ ቤት፣ በበኩር ልጃቸው ስም የተመዘገበው፣ በዋናው መንገድ ዳር የቀረ የመጨረሻው ሳር ክዳን ነበር። አሁን የበሰበሰ ሳርና የጭቃ ክምር ሆኗል። ሠራተኞቹ ምሰሶውን በገመድ ጎትተው ሲጥሉት ግድግዳው ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ጣሪያው በላዩ ተደፍቶበታል። ከሥሩ ያወጡት ረጅም ሰውዬ መሬት ላይ ተጋድሟል። ምሰሶው ደረቱን ሰብሮታል፤ ፊቱ ግን ሰላም ነበር፤ ጉንጩ ላይ ከተጣበቀው ጭድ በቀር የተኛ ይመስላል።

መቶ አለቃው ተንበረከከ። ሟቹ ከቀጭን ሸሚዝ በላይ የማዘጋጃ ቤት ካኪ ካፖርት ደርቧል። እጅጌው ግን ከእጁ አንጓ በጣም ርቆ ቀርቷል። ቀና ብሎ በዙሪያው የቆሙትን አየ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቶ ፈቃደ ግዙፍ ገላቸውን በዚያው ዓይነት ካፖርት ውስጥ አጭቀው ጥላ ዘርግተዋል። ጉቱም የራሱን ካፖርት እንደ ለበሰ ነው። የሥራ ተቆጣጣሪው ከዲሮ ብቻ፣ ያ አጭሩ ሰው፣ በስስ ኮት ካፊያው ውስጥ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«ወንድሜ ነው» አለ ከዲሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ሀሰኖ። ታላቄ። መተሐራ ነበር።»

«መቼ መጣ?»

«እኔ እንጃ። ዓይኑን ካየሁት ዓመታት አልፈዋል።»

አቶ ፈቃደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያሳዝናል። ማዘጋጃ ቤቱ ግን የሚገባውን አድርጓል፣ መቶ አለቃ። ጥሩምባ ተነፍቷል። ስሙ ተጠርቷል። እንቅልፍ ለጣለው ሰው እኛ ምን እናድርግ?»

«ስንት ጊዜ ተጠራ?»

ጉቱ ጥሩምባውን አገላብጦ አየ። «ሦስቴ ነዋ፣ ጌታዬ። ሥርዓቱ ነው።»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አለች ከመንገዱ ማዶ ባለ ሱቋ አሰገደች፣ መጥረጊያዋን እንደ ያዘች። «አንዴ ነው የጠራኸው! ‹ሀሰኖ ቱሳ!› ብለህ ዝም። የበሬ ነጋዴው ቤት ሲፈርስማ ሦስቴ ጮኸህ ልጄን ከእንቅልፉ ቀስቅሰህብኝ አልነበር?»

«ሴትዮ፣ ሱቅሽን ጠብቂ» አሉ አቶ ፈቃደ።

«እሱንማ እጠብቃለሁ፣ ጋሼ። ዓይኔን ብከድን የእኔንም አርጅቷል ትሉኛላችሁ።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቀ፤ ሬሳው ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ያዘ።

መቶ አለቃው ጉቱን ወደ ሱቁ ጥግ ወሰደው። ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ዝናብ በመካከላቸው ይወርዳል።

«እኔ አንተን ማሰር አልፈልግም» አለው።

ጉቱ አለቀሰ። «አንዴ ይበቃል ተባልኩ። ሹሙ ቸኩለዋል ተባልኩ።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ከዲሮ። ግን የሹሙን ቃል ነው ያመጣው፣ እሱማ ደግ ሰው ነው። ‹ገብታችሁ እንዳታዩ፣ ጣሪያው ይናድባችኋል› ብሎ አዝኖልናል። እናት ያሳደገችው ልጅ እኮ ነው።»

አቶ ፈቃደ ቢሯቸው ውስጥ ሌላ ሰው ነበሩ። ጥላው ከእጃቸው ሲወጣ ግርማቸውም አብሮ የወጣ ይመስል ነበር። ከመስኮቱ ውጭ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ፣ ለበጋው እንግዶች የቆመው የአቀባበል ቅስት ዝናብ ይመታዋል። ቀለሙ ፈሷል፤ አምፖሎቹም አልፎ አልፎ ወልቀዋል።

«ምክር ቤቱ አምና ለአሮጌ ቤቶች ማደሻ ገንዘብ ፈቅዶ ነበር፣ አይደለም?» አለ መቶ አለቃው።

«ፈቅዷል።»

«የቱሳ ቤት ግን ጭቃ እንኳ አልተመረገም።»

«ከተማ ፊት ያስፈልጋታል!» አሉ ሹሙ ድንገት። «ትልልቅ ሰዎች ሲመጡ በምን እንቀበላቸው? በጭቃ ምርጊት? ቅስቱ ለሁሉም ነው።»

«ቤቱ ታድሷል ብሎ የፈረመውስ?»

ሹሙ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «የሥራ ተቆጣጣሪው ነው። ከዲሮ። እኔ ፈርም ብዬው ሊሆን ይችላል፤ ብዕሩ ግን የእሱ ነው። ከነሐሴ በፊት ከአዲስ አበባ ሒሳብ መርማሪዎች ይመጣሉ። ያልታደሰ ቤት ቆሞ ከሚጠብቃቸው...»

«ቢፈርስ ይሻላል።»

«ቶሎ ይፍረስ ብያለሁ፤ አልክድም። አንዴ ብቻ ይጠራ ግን ከአፌ አልወጣም። በማርያም! እኔስ ሰው እንዳለበት በምን አውቄ?»

መቶ አለቃው ብዙ ውሸታም ያውቃል። ይህ ሰውዬ ሌባ ነው፤ አሁን ግን እየዋሸ አይደለም።

ሀሰኖ ቀትር ላይ ተቀበረ። ከሰዓት በኋላ መቶ አለቃው ወደ ሟቹ እናት ቤት ሄደ፤ አዴ ከዲጃ የምትኖረው ከከዲሮ ጋር ነው። ለቀስተኛው ፊት ለፊት ባለው ድንኳን ተቀምጧል። እሷ ግን ለብቻዋ ወደ ጓዳ ገብታለች ስላሉት በጓሮ ዞረ። በሩ ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ ስትታየው አጎዛ ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ጭኗ ላይ እንደ ተሰበሩ ነገሮች ወድቀዋል።

«አዴ ከዲጃ!»

አልመለሰችም። ፊቷን እንኳ አላዞረችም። ሐዘኑ አደንቁሯት ይሆናል ብሎ ሊመለስ ከጀለ። መለስ ብሎ ግን ደገመ።

«አዴ ከዲጃ!»

«አቤት፣ ልጄ። ግባ።»

ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ። «መጀመሪያ ስጠራዎ አልሰሙኝም?»

«ሰምቼሃለሁ። ባንድ ጥሪ አቤት አይባልም።» ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ ያህል ነው። «ጂኒ አንዴ ነው የሚጣራው፤ ሰው የሆነ ይደግማል። እናቴ እንዲህ አሳደገችኝ። እኔም ልጆቼን እንዲሁ አሳደግኳቸው።» ከዚያ ከንፈሯ ላይ የፈገግታ ጥላ አለፈ። «ሀሰኖ ትንሽ ሆኖ፣ ሁለተኛው ጥሪ እስኪመጣ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቅ ነበር። ያ ሸረኛ ከዲሮ ደግሞ ከበር ጀርባ ተደብቆ አንዴ ይጠራውና፣ ይሄኛው በድን ሆኖ ሲቀር እየሳቀ ይንከባለላል።»

መቶ አለቃው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨበጠ። እሷ ምን እንደ ተናገረች አላወቀችም።

«እኔ ነኝ ያስመጣሁት» አለች። «ሰው ከገባበት አይፈርስም ሲሉ ሰማሁ። ‹ና፣ ተኛበት፣ ሲጠሩህ አቤት በል› ብዬ ላክሁበት። ሁለቱንም የወለድኳቸው እዚያ ቤት ነው። ቱሳም የሞተው እዚያ ነው። ልጄን በአባቱ ምሰሶ ይገድሉታል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ከዲሮ ወንድሙ መምጣቱን ያውቅ ነበር?»

«አልነገርኩትም። እንጀራው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ከአለቃው እንዳላጋጨው ብዬ።» እጁን ያዘችው፤ መዳፏ እንደ እሳት ይፋጃል። «አሁን የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። አደራህን፣ ልጄ፣ ሀሰኖን የገደለብኝን አግኝልኝ።»

«አገኘዋለሁ» አለ። በሕይወቱ እንደዚያች ቃል የከበደችው የለችም።

በማግስቱ ሁሉንም በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሰበሰባቸው። አዴ ከዲጃን አልጠራም ነበር፤ እሷ ግን በአሰገደች ክንድ ተደግፋ መጣች፣ በሩ አጠገብም ተቀመጠች። መቶ አለቃው ሲያያት ጉባኤውን ለመበተን ተመኘ። ከዚያ አደራዋ ትዝ አለው።

«አንድ ሰው ሞቷል» ሲል ጀመረ። «ቤቱን ለማፍረስ የቸኮለው ማን ነው? አቶ ፈቃደ። ለማደሻ የተፈቀደው ገንዘብ ቅስት ሆኗል፤ ቤቱ ቆሞ ከተገኘ ይህ ይወጣል። እኔም በመጀመሪያ የጠረጠርኩት እርስዎን ነው።»

«ስሜን ያጠፋሉ!»

«ይቆዩ። ሁለተኛ፣ ሀሰኖ ውስጥ እንዳለ ያወቀው ማን ነው? ሀሰኖ ከመተሐራ ሙቀት በቀጭን ሸሚዝ ነው የመጣው። ሲሞት ግን የማዘጋጃ ቤት ካፖርት ለብሷል። በአካባቢው ይህን ካፖርት የታደሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። የእርስዎ ቢሆን ሁለት ሀሰኖ ይይዝ ነበር። የጉቱ ደግሞ ጉቱ ላይ ነው። ያ ግን እጅጌው አጭር ነበር፤ የአጭር ሰው ልብስ ነው።»

ሁሉም ከዲሮን አዩት። ዛሬም ስስ ኮቱን ነው የለበሰው።

«ወንድሙን ያላየ ሰው ካፖርቱን አያለብሰውም» አለ መቶ አለቃው ቀስ ብሎ።

«በርዶት ነበር» አለ ከዲሮ። «ዋዜማውን ሳልፍ ከሳሩ ጭስ ሲወጣ አየሁ። ገባሁ። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ወላሂ። ‹ይህ ቤት ቆሞ ከታየ እኔ እታሰራለሁ፣ ፈርሜበታለሁ፣ ሲነጋ ሂድልኝ› ብዬ ለመንኩት። ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ ‹አላህ ያውቃል› አለኝ። ካፖርቴን ለመንገድ ብዬ ሰጠሁት። ስሙ ሲጠራ ዝም ሲል፣ ሄዷል ብዬ ነው!»

«ሄዷል ብለህ ካመንክ፣ ሦስቴ ማስጠራት ምን ያስፈራህ ነበር? ባዶ ቤት መቶ ጊዜ ቢጠራ አይመልስም።»

ከዲሮ የስስ ኮቱን እጅጌ ጎተተ።

«ሦስተኛውና የመጨረሻው ይኸው ነው» አለ መቶ አለቃው። ዓይኑ ወደ በሩ እንዳይሄድ ይታገላል። «ሌላ ሰው ሀሰኖን ለመግደል ቢያስብ ኖሮ ጨርሶ አያስጠራም ነበር። ማንም ሰው ስሙ ሲጠራ አቤት ይላላና። ጥሩምባው እንዲነፋ፣ ጎረቤቱ እንዲሰማ፣ ስሙም እንዲጠራ አድርጎ፣ ግን መልስ እንደማይመጣ እርግጠኛ ሊሆን የሚችለው፣ ሀሰኖ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት እንደማይል የሚያውቅ ብቻ ነው። ይህን ሹሙ አያውቁም። ጉቱም አያውቅም። ይህ ከአንድ ጡት የጠባ ሰው እውቀት ነው። ሀሰኖ ቤቱ ውስጥ ተኝቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሁለተኛውን ጥሪ ይጠብቅ ነበር።»

አሰገደች «ውይ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጉቱ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ከዲሮ ተንበረከከ። «ገመዱ ሲወጠር ‹አቁሙ!› ልል ነበር» አለ ለወለሉ። «ምላሴ ታሰረ። ሁለት ልብ ሆንኩ። አንዱ ልቤ አቁሙ ሲል፣ አንዱ እስር ቤቱን ያሳየኛል። ከዚያ ምሰሶው ወደቀ።»

አቶ ፈቃደ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «እንግዲህ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱን የሚመለከት...»

«‹ፈርም› ያሉት እርስዎ ነዎት» አለ መቶ አለቃው። «በቅስትዎ ገንዘብ ያ ቤት ተመርጎ፣ ሳሩ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁለቱም ወንድማማቾች ያድሩበት ነበር። ይህንንም ጽፌ እልካለሁ።»

«ለማን?» አሉ ሹሙ። ፌዝ አልነበረበትም፤ እንደ እውነተኛ ጥያቄ ነው የጠየቁት።

መቶ አለቃው በደጅ ወደ ቆመው ቅስት ተመለከተ። የሚጽፍላቸው ሰዎች በዚያ ቅስት ሥር ያለፉት ናቸው።

ሁለት ፖሊሶች ከዲሮን አስረው አነሡት። ያን ጊዜ አዴ ከዲጃ ተነሣች። ሰው ሁሉ ወደ ልጇ የምትሄድ መስሎት መንገድ ለቀቀላት። ከዲሮ ሁለት የታሰሩ እጆቹን ወደ እሷ ዘረጋ። መቶ አለቃው ልትረግመው ወይም ልታመሰግነው የምትመጣ መስሎት አንገቱን ደፋ።

ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ዝናቡ ወደሚወርድበት ደጅ ወጣች። ከማዘጋጃ ቤቱ አጥር ማዶ አንዱ መንገድ ወደ ቤቷ፣ አንዱ ወደ መቃብሩ ይወስዳል። እሷ ሁለቱንም ትታ፣ ከከተማው አውጥቶ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ ጉሙ ውስጥ ገባች።