ሺንሺቾ ላይ ብቻ የታየው ዝላይ

የጠና አስከሬን የተገኘው ከሺንሺቾ በላይ ባለው ኮረብታ፣ ድንጋይ ማውጫው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጠና የመሬትን መግነጢስ የሚለካው ጣቢያ ዘበኛ ነበር። ከቴክኒሻኑ ከቲቶ ጋር ሲጨቃጨቅ የሰሙ ስለነበሩ፣ ፖሊስ ቲቶን አሰረው።

ኢንስፔክተር ረምላ ከሆሳዕና ስትደርስ የቲቶ እናት እልፍነሽ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀቻት።

«ልጄ፣ ቲቶ ከተፈረደበት እኔም አብሬው ሞቻለሁ።»

«በምን ተጣሉ፣ እናቴ?»

«በቀበቶ። ብረት መሣሪያውን ያሳስታል ብሎ፣ ጠና ብረት ይዞ የመጣን ሰው፣ ሚኒስትርም ቢሆን አያስገባም። ቲቶን ቀበቶህን ፍታ ሲለው ‹ሱሪዬ ቢወርድ ተጠያቂው አንተ ነህ› አለው። ተሳስቀው ነው የተለያዩት።»

ረምላ አስከሬኑን አየች። ቀበቶ አልታጠቀም፤ ኪሱም ባዶ ነው። ቀበቶው፣ ቁልፉና ስልኩ መለኪያ ጣቢያው ግቢ በር ላይ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበሩ።

የጣቢያው ኃላፊ ሆሴዕ ፒክአፑን ከኮረብታው ግርጌ አቁሞ በእግሩ መጣ።

«ጠና የሞተ ቀን ሆሳዕና ነበርኩ» አለ።

«መሣሪያው የሚመዘግበው መስመር ያን ቀን ለምን ዘለለ?»

«ከፀሐይ የመጣ የመግነጢስ ማዕበል ነው። ዜናም አውርቶታል።»

ለጣቢያው በሞተር ብስክሌት ውኃ የሚያመላልሰውን ሚፍታህንም ጠየቀችው።

«ሞተርህን ግቢ ታስገባለህ?»

«ጠና እያለ? አንዴ ሞክሬ ጀሪካኑን ከታች ድረስ በጀርባዬ አሸክሞኛል።»

በማግስቱ ሁሉንም ጣቢያው ግቢ ሰበሰበቻቸው። የቲቶ ካቴና ሳይቀር ተፈትቶ ሳጥኑ ውስጥ ገባ።

«ጠና ወደ ቤቱ ሲሄድ ጉድጓድ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ቀበቶውን ታጥቆ ይገኝ ነበር» አለች ረምላ። «ስለዚህ የተመታው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። ወደ ጉድጓዱ የወሰደው ሌላ ሰው ነው።»

«ማዕበሉስ?» አለ ቲቶ።

«ማዕበሉ እውነት ነው። አዲስ አበባ ያለው ጣቢያም መዝግቦታል። እዚያ ግን መስመሩ ቀስ እያለ ወረደ እንጂ አልዘለለም። እዚህ ብቻ እንደ ደረጃ ብድግ ብሎ፣ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። የፀሐይ ማዕበል ሺንሺቾን ለይቶ አይመታም። ትልቅ ብረት ገብቶ፣ ቆሞ፣ ወጥቷል። ዛሬ ጠዋት የሚፍታህን ሞተር በሩ ውስጥ አቆምን፤ መስመሩ እምብዛም አልተነቃነቀም። የፖሊስ ፒክአፕ ስናስገባ ግን የዚያን ቀን ያህል ዘለለ።»

ወደ ሆሴዕ ዞረች።

«ይህንን ጀማሪ እንኳ ከማዕበል ይለየዋል። እርስዎ ግን ፀሐይ ናት አሉኝ።»

ሆሴዕ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ዝናብ ነበር። ከባድ ባትሪ ጭኛለሁ፤ ማን ይሸከመዋል ብዬ ነዳሁት። ጠና ከመሣሪያው ቤት ሮጦ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ፍሬን ያዝኩ፤ ጭቃው ላይ አልያዘልኝም።»

«ሲያነሱት ይተነፍስ ነበር?»



«ይተነፍስ ነበር» አለ።

ቲቶ ወደ እናቱ ሄደ። እልፍነሽ እጁን ይዛ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ ዓይኗ ግን ከሆሴዕ አልተነሣም።

«መኪና ይዘህ» አለችው። «ሆስፒታሉ እዚህ እታች እያለ።»

ከዚያ ወደ ረምላ ዞረች።

«ለጠና ሚስት ለሰብሌ ምን እንበላት? ወዲያው ነው የሞተው፣ አልተሠቃየም ብለን ነው ያጽናናናት።»