የነጩ ወንበር ደም

የታኘከውን ማስቲካ ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ማስቲካው በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ትንሽ መብራት በርቶለት ተቀምጧል። አንዲት ዝነኛ ተዋናይት ከጀርባው በቆመው ሰማያዊ መኪና ውስጥ ፊልም ስትሠራ ያኘከችው መሆኑ ከሥሩ ተጽፏል። የጥርሷ ምልክት ሳይቀር ይታያል። ሰው የሌላውን ሰው ምራቅ እንደ ጌጥ ያስቀምጣል? የመኪና ወንበር ሰፊዋ ፊቷን አዞረች።

የመጣችው ለሥራ ነው። አራት ዓመት ባሕር ማዶ ተቀምጣ የአሮጌ ቆዳ እንክብካቤ ተምራ ከተመለሰች ገና ስምንት ወሯ ነበር። እናቷ «እንግዲህ አራት ዓመት የተማርሽው ወንበር ማጠብ ነው?» እያለች ስትቀልድባት፣ እሷም አንዳንዴ በልቧ «ምናልባት እውነቷን ይሆናል» ትል ነበር። ስለዚህ ባለ ፊልሙ ሲያስጠራት አላመነታችም። ባለ ፊልሙ ሰዉ ያወጣለት ስም ነው። ፊልም ላይ የታዩ የድሮ ስፖርት መኪኖችን ከየአገሩ እያሳደደ የሚገዛ፣ አዳራሽ ሠርቶ የደረደራቸው፣ አንዳንዱንም መልሶ የሚሸጥ ባለጸጋ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ዘጠኝ መኪኖች ቆመዋል። ከየመሪው ኋላ የፊልሙን ልብስ የለበሱ የሰም አሻንጉሊቶች ተቀምጠዋል። ከቀዩ መኪና ሥር ደግሞ ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ይህም የትርኢቱ አካል ነው ብላ በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«እኔ እንኳ ለሽያጭ አልቀረብኩም» አለ አንድ ድምፅ ከሥር።

ደንግጣ ወደ ኋላ ስትል አንድ ጎልማሳ በጀርባው እየተንሸራተተ ወጣ። ግንባሩ ላይ ግራሶ ተለቅልቋል። የባለ ፊልሙ የእህት ልጅና የመኪኖቹ መካኒክ ነበር። በየቀኑ ጠዋት የእያንዳንዱን ሞተር አሥር ደቂቃ እንደሚያስነሳ፣ ዘጠኝ አዛውንት ቁርስ እንደሚያበላ ሰው መሆኑን ነገራት። ከሁሉ አስቸጋሪው የትኛው ነው ብትለው፣ ጣቱን ወደ ላይኛው ፎቅ ቀሰረ። የአጎቱ ቢሮ እዚያ ነው። ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ስትስቅ ያያት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ ካሳለፈቻቸው ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። ስፌት ስትፈታ መፍቻ ጠፋብኝ ብሎ ይመጣል። መፍቻው ኪሱ ውስጥ እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። አባቱ በሕፃንነቱ እንደሞተ፣ አጎቱ እንዳሳደገው፣ ሙያውንም እንዳስተማረው አጫወታት። «ጋሼ ካሉ፣ አሉ ነው» አላት አንድ ቀን። የተናገረው በፍቅር ነበር፤ እሷን ግን ቅር አላት።

የሚያንገሸግሻት ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጎብኚዎች ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ይገባሉ፤ አዳራሹ የእግር ሽታ ይሸታል። ከዚያ ወንበር ለማሽተት ይሰለፋሉ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ አፍንጫውን ተዋናይቷ የተቀመጠችበት ላይ ቀብሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲምግ አይታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጣለች።

«ትለምጂዋለሽ» አላት መካኒኩ ውኃ እያቀበላት።

«የምፈራው መልመዴን ነው።»

ቀስ ብሎ አያት። እሷም አየችው። ብርጭቆውን ሁለቱም ይዘውት ቆዩ።

የቀዩ መኪና ተራ ደረሰ። ወንበሩ ነጭ ቆዳ ነው፤ በግራ ጠርዙ ላይ ግን ጠቆር ያለ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ነገር ፈሶበታል። ጉንዳን ተሰልፎበታል። ስኳር ቆዳን እንደሚበላ ተምራለችና አንዱ ጎብኚ ጭማቂ ደፍቶበት ነው ብላ አሰበች። ሁለት ቀን ሙሉ በለስላሳ ጨርቅ፣ በጥጥ፣ በብሩሽ ለፋችበት። ወንበሩ ወተት መሰለ። በሥራዋ ከኮራችባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ያ ነበር።

መካኒኩ መጥቶ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ደሙን ምን አደረግሽው?»

«የምን ደም?»

ፊልሙን አላየችውም ነበር። የፊልሙ ጀግና በጥይት ተመትቶ፣ በዚያ መኪና እየነዳ የሚወዳት ልጅ በር ድረስ ይመጣና መሪው ላይ ይሞታል። ሰዉ የሚያለቅሰው እዚያ ላይ ነው። የመኪናው ዋጋም ያ የፊልም ደም ነው። ሐሙስ ደግሞ ገዢ ይመጣል።

መሬት ላይ ተቀመጠች። ሄጄ ለአጎትህ እናገራለሁ አለችው። እስከ ነገ ብቻ ታገሺኝ ብሎ ለመናት።

በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት ስትመጣ ደሙ በቦታው ነበር። ያው ቅርጽ፣ ያው ጠርዝ። አዳራሹ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። መካኒኩ ማንኪያ ይዞ፣ ፎቶግራፍ ከጎኑ አድርጎ፣ እንደ ልጅ እየፈነደቀ ቆሟል። ስኳር አፍልቶ፣ ቀይ ቀለምና ትንሽ ካካዋ ጨምሮ ነው የሠራው። ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ፤ እድፉ ከቀረጻው ጊዜ ጀምሮ ያልተነካ መሆኑን በባለሙያ ስም የሚያረጋግጥ ነበር።

«አንቺ ብቻ ፈርሚበት። ማንም አያውቅም።»

«አንተ ታውቃለህ።»

«እኔማ ላንቺ ብዬ ነው።»

ክፋቱ እዚህ ላይ ነበር። ለእሷ ብሎ ይህን ያህል የደከመ ሰው ኖሮ አያውቅም። ማንኪያውን የያዙትን ጣቶች ስታይ ልቧ ወደ እሱ ሲሄድ፣ እግሯ ደግሞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እወድሃለሁ ልትለው ያሰበችው በዚያው ሳምንት ነበር። ወረቀቱን ሳትነካ ወደ ፎቁ ወጣች።

ባለ ፊልሙ ብርቱካን እየላጠ ነበር። እስክትጨርስ ሰማትና ሳቀ።

«ጉንዳን ነበረው?»

«ነበረው።»

«በየዓመቱ ስኳር እያፈሰስኩበት እንዴት ጉንዳን አይኖረው?» አለ የብርቱካኑን ፍሬ ወደ መዳፉ እየተፋ። በቀረጻው ጊዜ ሦስት ቀይ መኪኖች እንደነበሩ አጫወታት፤ አንዱ ለግጭት፣ አንዱ ለሩጫ፣ አንዱ ተዋናዩ ፊቱን የሚያሳይበት። ይህኛው የትኛው እንደሆነ እሱም አያውቅም። «ሰው መኪና የሚገዛ መስሎሻል፣ ልጄ? የሚገዛው ማልቀሻ ነው። በይ ፈርሚና ሥራሽን ያዢ። የእህቴ ልጅ ልቡ እንዳረፈብሽ አይቻለሁ፤ ከፈረምሽ ሽማግሌ የምልክልሽ እኔ ራሴ ነኝ። ካልፈረምሽ ግን እኔ ቤት ሆኖ አንቺን አያገባም።»

ጭማቂው በአገጩ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምታ አታውቅም።

ወርዳ ለመካኒኩ ሁሉንም ነገረችው። ጋሼ እኮ አይዋሹም አላት። ሂድና ጠይቃቸው አለችው። ከቆመበት አልተነቃነቀም። ጫማውን ብቻ አየ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሁለት ቀን ደወለላት፤ አላነሳችም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የረሳቻቸውን መርፌዎች ልትወስድ ተመለሰች። ገዢው ደርሶ ነበር። ወፍራም ጎብኚ ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ግን ቀጭን ሽማግሌ ነው። ጫማውን አውልቆ በወንበሩ አጠገብ ተንበርክኳል። ፊልሙን ያየው ከሟች ባለቤቱ ጋር፣ ገና ሳይጋቡ እንደነበር ለባለ ፊልሙ ይነግረዋል። ከዚያ ጣቱን በደሙ ላይ አሳርፎ፣ ወደ ከንፈሩ ወስዶ ሳመው።

በሩ ላይ እንደቆመች አጥወለወላት። ያጥወለወላት ግን ሽማግሌው ሳይሆን ጣቱ ላይ የቀረው ውሸት ነበር።

«ባለሙያዋ አሟት ቀረች» አለ ባለ ፊልሙ። «የእህቴ ልጅ ይመስክር። እዚህ መኪና ሥር ያደገ ነው።»

መካኒኩ ቀና ሲል አያት። እሷ ምንም ምልክት አልሰጠችውም። ቢፈልግ ይዋሽ፣ ቢፈልግ አይዋሽ፤ በእሷ ጥቅሻ የሚመጣ እውነት አትፈልግም ነበር።

«አባቴ፣ ጣትዎን ይጥረጉ» አለ፣ ዘይት የሚያፈስ ሞተር እንዳገኘ ሰው ረጋ ብሎ። «ስኳር ነው። ማክሰኞ ያፈላሁት እኔ ነኝ።»

ባለ ፊልሙ ሳቅ አለ። «ቀልደኛ ነው።»

«ከዚያ በፊት የነበረውን ደግሞ ጋሼ ያውቁታል።» ወደ አጎቱ ዞረ። ድምፁ አሁን ተሰበረ። «ጋሼ፣ አላፈሰስኩም በሉኝ። በሉኝና ይቅርታ ጠይቄ ልውጣ።»

 ባለ ፊልሙ ገዢውን አየ፣ መኪናውን አየ፣ የእህቱን ልጅ አየ።

«ያሳደግሁት ውሻ ነከሰኝ» አለ።

መካኒኩ ለሠላሳ ዓመት የሸሸውን መልስ በዚያች ቃል ሰማ። ሽማግሌው መሐረብ አውጥቶ ጣቱን ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ፤ ከንፈሩንም ጠረገ። የጫማው ክር አልታሰር ስላለው ወንበር ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ክሩን አሰረችለት። ማንንም ሳያይ ወጣ።

መካኒኩ የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ መንገድ ዳር ላይ ደረሰባት። አጥር ጥግ ተቀመጡ። መኪኖች ያልፋሉ፤ ተራ፣ ፊልም አይተው የማያውቁ መኪኖች።

«ሽማግሌውን ገደልኩት» አለ።

«ጎድተኸዋል» አለች። ልታጽናናው አልፈለገችም። ከዚያ «ብፈርምልህ ኖሮስ?» አለችው።

የሣጥኑን መቆለፊያ ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ጣፋጭ ነገር ይናገራል ብላ ፈራች።

«አገባሽ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንቺንም እንደ ጋሼ አምንሽ ነበር። እንዳልጠየቅኩ፣ እንዳልሰማሁ። ስታወሪኝ ጫማዬን እያየሁ።»

መልሱ የሚያምር አልነበረም። በአእምሮዋ አገላብጣ አየችው፤ ምንም የሚጣበቅ ነገር አጣችበት። በደወለላት ጊዜ ሁሉ ስልኩን እያየች እንደነበር ያኔ ነገረችው። ይቅር እንዳለችው ግን አልነገረችውም፤ ይቅር ማለቷን እሷም ገና አላወቀችም።

ለመሄድ ሲነሳ ሣጥኑ ጎተተው። አንዱን እጀታ ያዘችለት። በሁለቱ መካከል እየተወዛወዘ ጉልበታቸውን ይመታቸው ጀመር። የእሱ እርምጃ ረጅም፣ የእሷ አጭር ነው።

«ቀስ በል» አለችው።

ቀስ አለ።