ስም ያጡ ቁጥሮች

ዓሣ አጥማጁ በሺር በቱኒዚያዋ የስፋክስ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ የልብ መድኃኒቱን በደም ሥሩ የሚያንጠባጥበው መሣሪያ ቆሞ ነበር። መሣሪያውን የሚያሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ድንገት ወድቆ ሥራ አቁሟል፤ ደወሉም አልጮኸም።

መርማሪዋ ራውዳ መሣሪያውን ወደ ሠራው ድርጅት ተጠራች። ሥራ አስኪያጁ ሞንሴፍ፣ ዋናው ፕሮግራመር ሎጥፊና የሆስፒታሉ ቴክኒሻን ሞንጂያ ጠበቋት።

ፕሮግራሙ ሲወድቅ የነበረበት ሁኔታ ከመሣሪያው ተቀድቷል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን የቁጥር መንጋ ብቻ ነው። የትኛው ክፍል እንደወደቀ ለማወቅ ቁጥሮቹን ወደ ስም የሚፈታ ፋይል ያስፈልጋል።

«ፋይሉ የት ነው?» አለች ራውዳ።

«ማኅደራችን ውስጥ አለ» አለ ሞንሴፍ። «ከፕሮግራሙ ጋር ነው የምናስቀምጠው።»

«አይድከሙ፣ እሱ አይፈታልዎትም» አለ ሎጥፊ ወደ ሞንጂያ እየጠቆመ። «ይልቅ ይቺን ይጠይቋት። መሣሪያውን ስትጎረጉር የምትውለው እሷ ናት።»

«እኔ ከእናንተ የተላከልኝን ነው የምጭነው» አለች ሞንጂያ። «አፍህን ሰብስብ።»

ራውዳ ፋይሉን ሞከረችው። ስሞቹ አልመጡም። ፕሮግራሙና የስም ፋይሉ አብረው ሲዘጋጁ አንድ ዓይነት መለያ ይታተምባቸዋል፤ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ፕሮግራም መለያና የፋይሉን መለያ ብታስተያይ አይገጥሙም። የድርጅቱን መጠባበቂያ ቅጂዎች አስመጣች። አገላብጣ ስትጨርስ ሦስቱንም ሰዎች ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻቸው።

«በሺርን የገደለው ፕሮግራም ለሆስፒታል ከመላኩ በፊት የተፈተሸው አይደለም፤ ማኅደሩ ውስጥ ያለው ፋይል የዚያ የተፈተሸው ነው። ከፍተሻው በኋላ ሌላ ተሠርቷል። ሞንጂያ መጫን እንጂ ፕሮግራም መሥራት አትችልም። ሞንሴፍ ፋይሉ እንደሚፈታ አምነው ነበር። ሎጥፊ፣ አንተ ግን እኔ ሳልሞክረው እንደማይፈታ በምን አወቅህ?»

«በግምት ሰው ይከሰሳል እንዴ?»

«ትክክለኛውን ፋይል ከኮምፒውተርህ አጥፍተኸዋል። መጠባበቂያው ውስጥ ግን ቀርቷል።»

ፋይሉን ስትከፍተው ቁጥሮቹ ስም እየሆኑ ተደረደሩ። የወደቀው «ደወል ቀንስ» የሚባል ክፍል ነበር።

«በተፈተሸው ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል የለም» አለች።

ሎጥፊ አንገቱን ደፋ። «ነርሶቹ ደወሉ በከንቱ ይጮሃል እያሉ ነዘነዙን። ዳግም ፍተሻ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር።»

«ሌላ የት ልከኸዋል?»

«ጋቤስ ከተማ ሆስፒታል።»

ሞንጂያ ስልኳን አንስታ ወደ ጋቤስ ደወለች። የጋቤሷ ነርስ መሣሪያውን ከአንድ በሽተኛ ነቅላ መድኃኒቱን በእጇ እስክታስተካክል ስልኩ አልተዘጋም።

«ሰውየው ተኝቷል» አለች ነርሷ በስልኩ በመጨረሻ። «ይተነፍሳል።»