በቀይ ሐር የታሰረው ስኳር

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ቅድም እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ስኳር ስሰብር እጄ ለምን ቀጥ እንዳለ ጠይቃችሁኝ የለ? ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ ላውጋችሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፌስ ከተማ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። አሠሪያችን አንድ የጸደይ ቀን አውቶቡስ ተከራይታ፣ ጠዋት የሮማውያኑን ፍርስራሽ ቮሉቢሊስን፣ ከሰዓት የመክነስን ከተማ እንድናይ ይዛን ወጣች።

ፍርስራሹ ውስጥ ውሃ የሚያፈስ ወጣት ነበር። ቡሽታ ይባላል፤ የዘርሁን ተራራ ልጅ ነው። መሬቱ ላይ በጠጠር የተሠሩት ሥዕሎች ፀሐይ አደብዝዛቸው አቧራ መስለዋል። እሱ ከጣሳው ውሃ ሲያፈስባቸው ግን ቀዩም ሰማያዊውም ብድግ ይላል።

አንዱ ሥዕል እንስሳ ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የተቀመጠ ሰው ነው።

«ይሄ ሰውዬ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩት እየሳቅኩ።

«እሱም አያውቀው። ትቷት የመጣትን ልጅ እያየ ነው።»

«ጊታ፣ ተጠንቀቂ! ውሃውን አንቺ ላይ ሊጨርሰው ነው» አለች ጓደኛዬ ዙህራ። እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ከሰዓት አሠሪያችንን ለምኖ አብሮን መክነስ መጣ። ከትልቁ በር ፊት ለፊት፣ አደባባዩ ላይ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ሽምብራ ገዛልኝ። እኔ ሽምብራውን አያለሁ፤ እሱ እጄን ያያል።

«ፈረንሳይ ከሰል ለማውጣት ተመዝግቤያለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «የምቀርበት ምክንያት ካገኘሁ ግን እቀራለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ አርብ፣ ከእናቴ ጋር ስኳር ይዤ ልምጣ?»

በእኛ ዘንድ የልጅቷ አባት ስኳሩን ከተቀበለ፣ የጋብቻው ነገር ተጀመረ ማለት ነው። ከእጅጌዬ ቀይ የሐር ክር መዝዤ ጣቱ ላይ ጠመጠምኩለት።

«በዚህ እሰረው። ያንተ መሆኑን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ስታዪው ቃል ላኪልኝ። ካልላክሽ... ይገባኛል።»

አርቡ ሁለት ቀን ሲቀረው አጎቴ ሞተ። ቤታችን በለቀስተኛ ተሞላ። እኛ ሴቶቹ ፎቅ ላይ ነን። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይዘላል፤ ሐዘን ላይ ሆኜ ስለ ወንድ መጠየቅ ግን አፈርኩ። ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ።

«ደብዳቤ ጻፊለታ!» አለችኝ ዙህራ።

«ያልመጣን ሰው ደግሞ ልለምን?» አልኳት። ኩራት ነበር ልጆቼ። እሱን ያሳጣኝ ኩራት።

ከወራት በኋላ፣ የወይራ ለቀማ ሲጀመር፣ ለሻይ የሚሆን ስኳር ከጓዳ አወጣሁ። በተጠቀለለበት ሰማያዊ ወረቀት ላይ ቀይ ሐር ታስሯል።

«አባባ፣ ይሄን ማን አመጣው?»

«የትኛውን? እ... ለአጎትሽ ልቅሶ፣ ከዘርሁን የመጡ እናትና ልጅ ናቸው። ልጁ ምን እንደነካው እንጃ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ። እናቱ እጅጌውን ጎትታ ወሰደችው።»

ለልቅሶም የሚመጣው ያው ስኳር ነው። አባቴ አመስግኖ ተቀብሎ ከሌላው ጋር ደረደረው። እናትየዋስ ሐዘን ቤት ገብታ ጋብቻ እንዴት ታንሳ? ክሩን አይታ ቃል ትልካለች ብለው ጠበቁኝ።

በማግስቱ ወደ ፍርስራሹ ሄድኩ። ጣሳውን የያዙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«ቡሽታ? እሱማ ከወራት በፊት ፈረንሳይ ሄደ፣ ልጄ። አርብ አርብ መንገዱን ብቻ ሲያይ፣ ውሃው ጣሳው ውስጥ ይሞቅበት ነበር።»

ጥቂት አፈሰሱልኝ። ወደ ኋላ የዞረው ሰውዬ ደምቆ ወጣ። ፀሐይዋ ውሃውን ስትጠጣው መልሶ ጠፋ።

በኋላ ያገባኋቸው አያታችሁ መልካም ሰው ነበሩ፤ ሃምሳ ዓመት አብረን በላን። ቢሆንም በየጸደዩ፣ ሽመላዎቹ የፍርስራሹ ምሰሶዎች ላይ ሲመለሱ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዤ ብቻዬን እሄዳለሁ። የት እንደምሄድ ጠይቀውኝ አያውቁም።

እናንተ ግን ስኳር ይዞ ደጃፋችሁ የቆመ እንግዳ ብታዩ፣ ቤቱ በልቅሶ የተሞላ ቢሆን እንኳ፣ ወደ ጥግ ወስዳችሁ «ልጄ፣ ለምን መጣህ?» በሉት። ይቺን ብቻ አስታውሱልኝ።